የማይገጥም በር

መጀመሪያ ሳል ነበር፣ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፤
ጉሮሮው ላይ ቀርቶ እንደሚያንቀው አጥንት።
ባትሪ ይዤ ወጣሁ፤ መንጋጋውን ፈልቅቄ አየሁ፤
አጥንት የለም። ድዱ ነጣ ብሏል። "ብርድ ነው" ብዬ ተኛሁ።
ለደሴ ሰው ሰበብ አያልቅ፤ ጦሳ አለ፣ ጭጋግ አለ፤
ማጠፊያ ቢያንቋርር፣ ጉልበት ቢከዳ፣ ውሻም ቢያስል "በረደው" ተባለ።

ዋስ ነው ስሙ። ያወጣለት ጋሽ ይማም ነው፣ ብረት ነጋዴ፣
"ያለ ዋስ ማን ዱቤ ይሰጥሃል?" ብሎ ሲቀልድብኝ አንዴ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከብየዳ ቤቴ ደጃፍ፣
ብልጭታ ሲረግፍ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፣ ከላሜራ ቁራጭ ጫፍ።

ከዚያ አቀበቱ። ከቧንቧ ውሃ እስከ ቤታችን ጥርጊያ፣
ቀድሞ ወጥቶ ዞሮ ይጠብቀኝ የነበረ፣ አሁን ሦስት ማረፊያ
ያበጃል። ይቆማል። ጎረምሶች ሲያልፉ አይጮህም።
"አረጀ" አሉኝ። "አረጀ" አልኩ። ልብ አላልኩም።
ሆዱ ሲነፋማ "ጠገበ" ብዬ ደስ አለኝ፤
ከላይ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ፣ እንዴት ይህ አልታየኝ?

አንድ ማታ ግን መተኛት አቃተው። ቁጭ እንዳለ፣
ክርኖቹን ከፍቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ጎኑ እንደ ወናፍ እየዘለለ
አነጋ።

በጋሽ ይማም አይሱዙ ሐረጎን ወረድን፤
በየመታጠፊያው ራሱ ጭኔ ላይ እየወደቀ ኮምቦልቻ ገባን።
"ለውሻ ልብ ይህን ያህል ናፍጣ!" ይላል ይማም፤
ይላል እንጂ፣ አንዴም ፍሬን በድንገት አልረገጠም።

ዶክተር ኢክራም ጠረጴዛዋን ትታ፣ መሬት ተንበርክካ፣
ሰማች። ረዥም ሰማች። ድዱን ጫን፣ ሆዱን ነካ ነካ።
"ልብ በር አለው" አለችኝ፤ "አንዱ በር አልገጥም ብሏል፤
በእያንዳንዱ ምት ጥቂት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል።
ውሃ የሚቋጥርበት ለዚህ ነው። እንካ፣ አንተው ስማው።"
ከምቱ መሃል ሹክሹክታ፤ በር ሥር የሚሾልክ ነፋስ ነው የሚመስለው።

እኔ በር ነው እንጀራዬ፤ ከሸዋ በር እስከ ሮቢት፣
ዘመመ ሲሉኝ ማጠፊያ ሞርጄ አቃናለሁ በመቅጽበት።
"ይህንንስ?" አልኳት። "ይህ አይበየድም" አለች፤
"ግን ይያዛል።" ቀስ ብላ ወረቀት ላይ ጻፈች።

ሽንት የሚያስወርድ ክኒን፣ ጠዋት ማታ። ልብ የሚያግዝ ሌላ።
ጨው የለበትም፤ ወጥ የነካው ፍርፋሪ ከእንግዲህ አይበላ።
ውሃ አትንፈገው፤ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል።
አቀበት ይቅር፤ በሜዳ ይሂድ፣ ሲበቃው ራሱ ይቆማል።
"ደግሞ ሲተኛ ቁጠር፤ ደረቱ ወጣ ገባ፣ ይህ አንድ፤
በደቂቃ ሠላሳን ካለፈ ደውልልኝ፣ ሳታረፍድ።"

እናትነሽ ክኒኑን አይታ ሳቀች፤ መሳቢያዋን ከፈተች፣
"ይሄማ የእኔው ላሲክስ!" ብላ ከግፊት መድኃኒቷ ጋር አስተያየች።
መጠኑ ለየቅል፣ ሰዓቱ ግን አንድ፤ እሷ በብርጭቆ ውሃ፣
እሱ በድንች ጠቅልለንለት። ስድስት ዓመት ሐኪም ለምኗት
እምቢ ያለችውን ጨው፣
ለውሻው ብላ ተወችው።

የብረት ዋጋ በምጽፍበት ደብተር ዳር ቁጥር ሞላ፦
ሃያ ሁለት። ሃያ አምስት። የአርባ ላሜራ ቀሪ ሂሳብ። ሃያ አራት።
አንድ ሌሊት ሠላሳ ስምንት።
ደወልኩ። በእንቅልፍ ድምፅ "ግማሽ ጨምርለት፣
ቁጭ ብለህ ጠብቅ" አለች። ጠበቅሁ። ሲነጋ ሃያ ሰባት።

ስንት ጊዜ እንደቀረው ጠይቄያት ነበር።
"ወራት፤ ዕድል ካለው ዓመት" ብላ፣ ጣቷ ከጆሮው ሥር
ማሻሸቱን አላቆመም።

ትናንት ሆጤ በር ሰቀልኩ። ዘጋሁና ጆሮዬን ለጠፍኩበት።
"ምን ትሰማለህ?" አለ ባለቤቱ ግራ ገብቶት።
"ምንም" አልኩ። ምንም አይሰማም፤ ገጥሟል።
ሂሳቤን ተቀብዬ፣ በሜዳው፣ በዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ፣ ብቻዬን፣
እያረፍኩ ወደ ቤት።

ተኝቷል። ባትሪውን በመዳፌ ጋረድኩ።
አንድ።