ሲሶ

«ወይዘሮ ትርሲት ወልደሰንበት!» አለ ተላላኪው፣ ከበሩ ቆሞ፤
ልደታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰው አግዳሚው ላይ ከርሞ።
ተነሣሁ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤
ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁትን ቃል በሩ ላይ ጣልኩ።
«ክቡር ፍርድ ቤት» ልል ሄጄ «አባቴ» ብዬ አረፍኩት፤
ዳኛዋ ሴት ናት። ፈገግ አለች። ከነሐፍረቴ ቀጠልኩት።

ዕዳው የኔ አይደለም፣ ክብርት ሆይ። ደግሞም የኔ ነው።
ወንድሜ ልሳኑ፣ ፒያሳ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ
ማሽን በብድር ሲገዛ፣ ዋስ ጥራ ሲሉት፣ ማንን ይጥራ?
ፈረምኩ፤ በሰማያዊ ቀለም፣ በቀኝ እጄ፣ ሳልፈራ።
«ዕዳው ገብስ ነው» አለኝ ያን ቀን፣ እየሳቀ።
ገብስ በሆነልኝ!
ገብስ እኮ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሶ ሆኖ ያልቃል።

ከዚያ መንገዱ ሰፋ።
ሱቁ የነበረበት አሁን የብስክሌት መንገድ ነው፣ ለስላሳ፣ መብራት የተተከለበት።
ማሽኑ አክስታችን ጓዳ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል፤
ልሳኑ ሥራ ፍለጋ ሐዋሳ ወርዷል፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም።
ቤቱ ፈረሰ፤ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ በሩ፤
ወለዱ ብቻ ቆሞ ቀረ፣ የሚነካው ጠፋ ከሀገሩ።

ማመልከቻው በአራት ቅጂ ይቅረብ አሉ።
የኔ ማመልከቻ! በአራት ቅጂ!
ልሳኑ ለሰፈሩ ሁሉ በነጻ ይገለብጥ ነበር
የልደት ካርድ፣ መታወቂያ፣ የእድር ደብተር።
አሁን ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ዣንጥላ ሥር ለተቀመጠች ልጅ
በገጽ ስድስት ብር ከፍዬ
ድህነቴ ስንት ገጽ እንደሆነ ተረዳሁ፦ አሥራ አንድ።
የደመወዝ ማስረጃ፣ የኪራይ ውል፣ የልጄ የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣
መጨረሻ ላይ የራሴ የእጅ ጽሑፍ፦
ባንድ ጊዜ ክፈይ ከተባልኩ አልችልም፤ በየወሩ ከሆነ ግን አልቀርም።

ድሮ፣ ይላሉ፣ ባለዕዳና ባለገንዘብ
በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣
ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ፣ ውሏቸው አብረው፣ አዳራቸው አብረው።
እኔን የቋጠረኝ ስልክ ነው፤ ጧት ሁለት ሰዓት ከሃያ፣
«እንደምን አደሩ፣ ከብድር ክትትል ክፍል ነው» የሚል ለስላሳ ድምፅ።
ስሙ በፍርዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ
እንደምን አደርሽ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ትእዛዙ አጭር ነበር፦ የደመወዟ ሲሶ፣ በየወሩ፣ ዕዳው እስኪያልቅ።
ሲሶ! ቅድመ አያቴ ለባለርስት ሲሰፍር የኖረው ቃል
ከሸንኮራ ልደታ ድረስ ዱካዬን ተከትሎ መጥቷል?
ግን አልዋሽም፤ ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ቀሎኝ ነበር።
ማለቂያ ያልነበረው ነገር ቁጥር ወጣለት፤ አርባ ሦስት ወር።

አሁን በሁለት እጁ እኖራለሁ።
«ሰው ሁሉ ያለው ሁለት እጅ አይደል?» እላለሁ፣
ደመወዝ ከፋዩ አቶ ክንፉ ወረቀቱን አጥፎ፣ ሌላው እንዳያይ ሲሰጠኝ።
ከእቁብ ወጣሁ። ዘይት በግማሽ ሊትር።
ከሜክሲኮ ለገሃር በእግሬ።
ሶልያና ግድግዳው ላይ ወር ትሰርዛለች፦
«ስንት ቀረው?» አርባ አንድ።
«ያኔ ስንተኛ ክፍል ነኝ?» ሰባተኛ።
«እረዝማለሁ?»

ባለፈው ዝናብ ጣለና ታክሲ ገባሁ።
ከጎኔ አንድ ቀጭን ሰው ስልክ አነሣ፤ «ከብድር ክትትል…» አለ።
ድምፁን አወቅኩት።
ከጫማው እስከ ኮሌታው አየሁት፤ ኮሌታው ተገልብጦ የተሰፋ።
«በፍርዱ? ትርሲት ነኝ።» ደነገጠ።
ረዳቱ ሒሳብ ሲል እጁ ቀደመኝ፦ «የሁለት ሰው።»
«ተው! ሌላ ብድር አልገባም!»
ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤
ዝርዝሬን ግን ቆጥሮ ተቀበለኝ።

ፒያሳ ወርጄ፣ ሱቁ በነበረበት ቆምኩ፤
ማሽኑ እዚህ ነበር፣ በግምት፣ ከመብራቱ ምሰሶ ሦስት እርምጃ።
«እትዬ፣ መንገድ!» አለ አንድ ልጅ፣ የብስክሌቱን ደወል እያቃጨለ።
መንገድ ሰጠሁት።