ጠርጥር

ስሙን ያወጡለት ከእኔ በፊት የነበሩት ዘበኛ ናቸው፤
ሰው ማመን ስላልነበረ የተቀጠሩበት ሥራቸው።
እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ወረስኩ
ዱላውን፣ ባትሪውን፣ ካፖርቱን፣ ውሻውን፣
ኮምቦልቻ ላይ፣ ከቦርከና ማዶ፣ የእህል መጋዘኑን።

አረፋ ዋለ።
ሰፈሩ በግ ጥሎ አጥንት ተትረፈረፈ፤
ከሰው አፍ የተረፈው በአጥር ላይ አለፈ።
ጠርጥር ምን ያድርግ? እንዲህ ያለ ሌሊት አንድ ነው በዓመት፤
እስኪነጋ ሰማሁት፣ ሲያደቅ የጎን አጥንት።

በማግስቱ ምንም። በሣልስቱም ምንም።
በአራተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣
አየሁት ከአጥሩ ጥግ፣ ከቁልቋሉ ጋ፤
ወገቡን አጉብጦ፣ ጅራቱን ሰቅሎ፣
የኋላ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ።
ያምጣል። ይነሣል።
ሦስቴ ይዞርና ደግሞ ይቀመጣል።
ሰው ቢሆን ኖሮ «ዞር በል እንጂ» ባለኝ ነበር፤
እኔው ፊቴን መለስኩ ወደ ሐረጎ ዳር።
ሲሄድ ሄጄ አየሁ፦ ሁለት ጠጠር፣
እንደ ጠመኔ የነጣ፣ ጫፉ ላይ ክር የምታህል ደም።
ውሻ ሲጨነቅ እንጂ ሲናገር አይቼ አላውቅም።

ምክር እንደ ዝንብ ነው፣ ቁስል ያለበትን ያውቃል፤
ባለወፍጮው አህመዴ «ኮሶ ነው፣ ኮሶ ጋተው» ይላል፤
እመት ይመኙሻል «ዓይን ነው» አሉ፣ «ልክ እንደ በሬዬ»፤
ጫኝ አውራጁ እንድሪስ «የሞተር ዘይት ነው የሚያሻው!» ብሎ ሳቀ፤
ሁሉም ሳቀ። ጠርጥር ምሳውን አሸተተና ራቀ።
ያኔ ነው ተረቱ የመጣልኝ፦
ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር፤
ባለስሙ ግን አንድ ሌሊት በላ፣ ሳይጠረጥር።

ባጃጁ «ውሻ አልጭንም» አለ፤ በእጥፍ ጫነ።
በሽርጤ ጠቅልዬ አቀፍኩት፤ ለሃጩ ጨርቄ ላይ አረፈ፤
«ሰባት እጥበት ነው» አልኩ በሆዴ፤ ይሁን፣ ቦርከና መች ነጠፈ?

የእንስሳት ሐኪሟ ሉባባ ሆዱን በጣቷ ዳሰሰች፤
እንደ መቁጠሪያ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች።
«ሽንቱስ ይወርዳል? አስመልሶታል? ለመጨረሻ የወጣው መቼ ነው?»
አፈርኩ።
በር የገባ የወጣውን ሁሉ ሌሊት ሌሊት እጽፋለሁ፤
የእሱን መውጫ ግን ከየትኛው መዝገብ አገኘዋለሁ?

ለብ ባለ ውሃ፣ በቀጭን ቱቦ፣ ቀስ ብላ አለሰለሰችው፤
«ይህን ቤትህ እንዳትሞክር» አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች።
«ዘይትም በግድ አትጋተው፣ ሳንባው ይገባል።
ዱባ ቀቅልለት፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፤
ውሃው አይጉደል፤ ቀን ሙሉ አትሰረው፣ አንሸራሽረው፤
ካስመለሰ፣ ሆዱ ከተነፋ ግን፣ ለነገ አታሳድረው።
አጥንት ደግሞ...»
«ገባኝ» አልኳት።

ሁለት ቀን ዱባ። በሦስተኛው፣ ከሱብሒ በኋላ፣
በወንዙ ዳር ስንሄድ ድንገት ቆመ፣ ገመዱን ጎተተው ወደ ኋላ፤
ዞረ፣ ዞረ፣ ተቀመጠ፤
እኔም አብሬው አማጥኩ መሰለኝ፣ ትንፋሼ ተቆረጠ።
ከዚያ ወጣ። ለስላሳ፣ ቡናማ፣ በብርዱ የሚጨስ።
«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ፣ ድምፄ እስከ ድልድዩ ድረስ፤
ከመስጊድ የሚመለሱት ቆሙ፦ «ምን ብሥራት ተገኘ?»
ምን ልበል? «የታመመብኝ ነበር... ዛሬ ቀለል አለኝ።»

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ቁልፉን ሳልነካ፣
የአጥሩን ጥግ አያለሁ፤ ስሙ የእኔ ኖሯል ለካ።
እሱ ዱባውን ሳያሸት ይበላል።
ሽርጤን አምስቴ አጠብኩት፤
ሁለት ይቀረኛል።