የደመወዝ ፖስታ ጀርባ

ፋብሪካው ሐሙስ ቀን በሩን ጠረቀመ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን የበላው
መሸመኛው ሁሉ እንደ ድንጋይ ቆመ።
ደንዲ ከተማ ጸጥ አለች።
ጸጥታው ከበደኝ። ዛሬም ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩን ነው የማየው፤
በዚያ ጩኸት መሃል ወጋችን በጣት ነበር፣
ሐሜቱም፣ ሙሾውም፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲበር።

የመጨረሻዋን የደመወዝ ፖስታ
በቢላ ሰንጥቄ ገለበጥኳት ላፍታ፤
ጀርባዋ ንጹሕ ነው።
በእርሳስ አንድ መስመር አሰመርኩ፦
ወዲህ ያገኘሁትን፣ ወዲያ የከፈልኩትን።
ጌቶች በለንደን "ግዛቱ አበላን ወይስ በላን?" እያሉ
ሲከራከሩበት ዘመን ይፈጃሉ፤
እኔ ኢሶቤል ጊኪ፣
ጆንያ ሸማኔ፣ የኢኒስ ሚስት የነበርኩ፣
ከገዛ ሒሳቤ ለምን እሸሻለሁ?

ካገኘሁት ልጀምር፤ ሐሰት አልናገርም።
ሻይ አግኝቻለሁ። እናቴ ለገና ብቻ የቀመሰችውን ስኳር
በየማለዳው በማንኪያ ስቆልል ኖሬአለሁ፣ አላፍርም።
ጥርሴን የጨረሰውም ያው ስኳር ነው፤
በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?

ሥራም አገኘሁ።
ከቤንጋል የሚመጣውን፣ ጁት የሚሉትን ቃጫ
በዓሣ ነባሪ ዘይት አለስልሰን፣
ፈትለን፣ ሸምነን፣ ሰፍተን፣
የካናዳ ስንዴ፣ የአውስትራሊያ ሱፍ
በኛ ጆንያ ታዝሎ ዓለምን ዞረ።
ጦርነት ሲመጣ አሸዋ ተሞላበት፤
ትእዛዝ ጎረፈልን፣ ደመወዝ ጨመረ።
በምሽጉ አፋፍ የተደረደረው ሁሉ
ከእጄ የወጣ ይመስለኝ ነበር፤
ኢኒስ ከጆንያው ኋላ ነው፣
የምጋርደው እኔ ነኝ ስል።
ለካ ከፊቱ ነበር።

ይህን ወዲያ ጻፍኩት። ቁጥር ግን አጣሁለት።

ወንድሜ ዋቲ ደግሞ ገና በሃያ ዓመቱ
ካልካታ ወረደ፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር ማሽን ሊያሠራ፤
እዚህ ዘይት አጠጪ፣ እዚያ "ሳህብ" ተብሎ
በአምስት አሽከር ሊኮራ።
የነሐስ ዝሆን ላከልኝ፤ ከምድጃዬ በላይ አቆምኳት፣
እስከ ትናንት ድረስ ከጥቅሙ ወገን ቆጠርኳት።

ያን የዋቲን ፋብሪካ ግን ማን ተከለው?
እኛኑ የሚያሠራን፣
ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ቤት የሠራው፣
ሚስተር ስትራካን ነው።
ከኛ ጉልበት ያተረፈውን ወስዶ እዚያ ዘራው፤
የኛን ሩብ እንኳ በማይሞላ ደመወዝ ሰው አገኘ፣
የዚያ ጆንያ ረከሰ፣ የኛ ተከምሮ ሻገተ።
እሱ በሁለት ወንዝ ያጠምዳል፤
አንዱ ቢደርቅ በሌላው ይበላል።
ያ ርካሽ ጆንያ የሚያልፍበትን የባሕር መንገድ
የንጉሡ ጦር መርከብ ይጠብቃል፤
የመርከቡ ወጪ ከሻዬ ቀረጥ፣
ከጎረቤቴ ትንባሆ ይቆረጣል።
ሥራዬ ከአገር ሲወጣ
ዘበኛውን የቀጠርኩለት እኔ ነኝ።

ዋቲ አንድ ጊዜ እንዲህ ጻፈልኝ፦
"እዚህ አንዲት ሴት አለች፣
ልጇን ከቃጫው ክምር ሥር አስተኝታ ትሠራለች፤
ጩኸቱ ሲበረታ፣ ልክ እንዳንቺ፣ በጣቷ ታወራለች።"
ስሟን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።
በዚህ ፖስታ ላይ ዓምድ የላትም፤
ጌቶቹም ሲከራከሩ እሷን ሲያነሱ አልሰማሁም።

ትናንት ዝሆኗን በሻሌ ጠቅልዬ
መያዣ አበዳሪው ዘንድ ወሰድኳት።
ሰውዬው በጥፍሩ ኳ፣ ኳ አደረጋት፤
"ውስጧ ባዶ ነው" አለና ሁለት ሽልንግ ሰጠኝ።
ስመለስ የሰፈሩ ወንዶች፣
ሚስቶቻቸው ከሥራ እስኪገቡ
ማንቆርቆሪያ ሲጥዱ የኖሩት፣ ደጃፍ ላይ ናቸው፤
ዛሬ ሚስቶቹም አሉ ከጎናቸው።
ባዶ ጆንያ አይቆምም ይባላል፤
እኛ ይኸው ቆመናል።

ሁለቱን ሽልንግ ወዲህ ጻፍኩ።
ግማሹ ለስኳር ነው።