በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ

የእህትማማች ከተሞች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው መዝገቡን ካስያዙኝ።
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፈረንጅ አራዳ፣
ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ በተከራየናት ጓዳ፣
ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሐሳብ ሰነዘረ፣
ማን ድምፀ ተዓቅቦ አርጎ ጣራውን ቆጠረ፣
ሁሉንም ከትቤዋለሁ በጥቁር እስክሪብቶ፤
አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፣ የአጀንዳ ቁጥር ጠፍቶ።

እህታችን ኤርለንሞር ትባላለች፤ ሩቅ ናት፤
ወንዟን በየታኅሣሡ ውርጭ የሚቆልፍባት።
የእኛ አዌቱ አይቆለፍም፤ ሐምሌ የገባ ዕለት
እንደ ሰው በድልድዩ ላይ ይሻገራል በድፍረት።
አደባባዩ ዳር ሰሌዳ ተከልን፣ ቀስት ያለው፣
«ኤርለንሞር፣ 5,400 ኪሎ ሜትር» የሚለው።
የባጃጅ ልጆች አንብበው ሰፈሩን አቀለጡት፤
«ኤርለንሞር! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ሳቁበት።

እነሱ አምቡላንስ ላኩ፤ ሆዱ ውስጥ ተረስቶ
የበረዶ መዛቂያ አካፋ ወጣ፣ ሰፊ አፉን ከፍቶ።
ዚያዳ፣ ገንዘብ ያዣችን፣ በሰነድ ተረክባ
በቆሎዋን ትዝቅበታለች፣ ዝናቡ ሳይገባ።
እኛ ማር ላክን፤ ጉምሩክ ላይ ቀረ።
የየትኛው ሀገር ጉምሩክ? መዝገቡም አልተናገረ።

ከዚያ ዕጣ ተጣለ። ለራያ አባመጫ ወጣ፣
ከሂርማታ ገበያ ወዲያ፣ ከዋንዛ ግንድ በርጩማ ለሚያወጣ።
ኮት አሰፋ። ከአማቹ ሻንጣ ተዋሰ።
ለቪዛው ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሰ።
«ለመመለስህ» አለ ደብዳቤው፣ «በቂ ምክንያት አጣን።»
ስድስት ልጅ፣ አንዲት ጊደር፣ ያልተሰቀለ የመስጊድ በር
ምክንያት አልሆኑም።
ያነበብኩለት እኔ ነኝ።
ሻንጣውን መለሰ፤ ኮቱን ለኢድ አስቀመጠ፤
ሰውዬው ቀርቶ በርጩማው አውሮፕላን ላይ ተቀመጠ።
ለሁለት እግር ነው ለካ ማኅተም የሚጠየቀው፤
ሦስት እግር ያለውንማ ማንም አላስጨነቀው።

በኅዳር እንግዶች መጡ፤ አሥራ አራት ነበሩ።
ሊቀመንበሩ አቶ ጣሰው አርባ ደቂቃ ተናገሩ።
ጅሬን ወጣን፤ ቦዬ ወረድን ጉማሬ ልናሳይ፤
እንደ ሚኒስትር ተጠብቆ ብቅ አላለም ወደ ላይ።
ማታ፣ እራት ላይ፣ ራያ ጠጋ አለኝ በድንገት፤
«በርጩማዬን ጠይቅልኝ፣ ማን ነው የሚቀመጥበት?»
የልዑኩ መሪ ደስ አለው። ደረቱን ነፋ።
«ማዘጋጃ ቤታችን ውስጥ፣ የመስታወት ቤት ተሠርቶለት፣
መብራት በርቶለት፣ ዙሪያውን ገመድ ታስሮለት።
እንኳን ሊቀመጡበት፣ ማንም እጁን አያሳርፍበት!»
ተረጎምኩ።
ራያ መዳፎቹን አየ። «ምን አጥፍቶ?» አለ።
ይህን አልተረጎምኩም።

ሂልትሩድ ግን ፊቱን አይታ ነበር፣ ከጠረጴዛው ጫፍ፤
ስሟ ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ማዕረግ ሳይጻፍ፤
እንደ ራያ ዕጣ ደርሷት፣ እሷ ግን የተፈቀደላት፤
የዚያው ቤት ወለል ወልዋይ፣ ሃያ ዓመት የሞላት።
አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ጎተተችኝ ወደ ጨለማው፤
«ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለች። «ንገረው፣ ይስማው።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ወልውዬ ስጨርስ፣
መስታወቱን እከፍታለሁ፤ ጫማዬን አወልቃለሁ፤
እቀመጥበታለሁ ወለሉ እስኪደርቅ ድረስ።
ይህን ግን አትጻፈው።»

ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ በዓይኑ ለካት፣
ከተረከዝ እስከ ጉልበት፣ እንደ ሳንቃ፣ በአውቶቡሱ መብራት።
«ሁለት ጣት ያጥራታል።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር፣
እንዲህ ብዬ አስገባሁ፦
«አንድ በርጩማ ይላክ፤ ከፊተኛው ሁለት ጣት ከፍ ያለ።»
አቶ ጣሰው መነጽራቸውን አውልቀው «ሁለት ጣት ለምን?» አሉ።
ራያ ጣራውን ቆጠረ።
«ምክንያት» ከሚለው ፊት
ሰረዝ አድርጌ አለፍኩ።