ቡላ የነደፈችው ቤት

ከዞን የመጣልን ንድፍ፣ ጥቅል ወረቀት ነበር፤
ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ የየትም ሰፈር።
ጥላዬ ግንበኛው ገልጦ አየውና፣ ጠቅልሎ መለሰው፤
«እዚህ ሰላ ድንጋይ ነው፤ ይህስ ለቆላ ሰው።

ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ውርጭ ያፈስሳል፣
በረዶ ሲወርድበት ከከበሮ ይብሳል፤
ጆሮው ለረዘመ እንግዳ፣ ጣራው በጆሮው ይፈርሳል።»

ልዕልና መሐንዲሷ፣ እርሳሷን ነከሰች በጥርሷ፤
«እና ማን ይንደፈው?» አለች፤ «ማንን ልጠይቅ?» ለራሷ።

እሱ መልስ አልሰጠም።
ሦስት ሌሊት ጋቢ ለብሶ፣ ገበያው ዳር አደረ፣
ባለቤቷ የተዋትን፣ ቡላን እየመረመረ፤
ሃያ ዓመት ገብስ ጭና፣ ጀርባዋ የተመለጠ፣
ጌታዋ ባጃጅ ሲገዛ፣ ገመዷ ከበር የተቆረጠ።
የት ትቆማለች ነፋሱ፣ ከምሥራቅ መጥቶ ሲገርፋት?
ጭራዋን ለማን ትሰጣለች? የጧት ፀሐይ የት ነው የሚያቅፋት?

በአራተኛው ቀን መጣ፤ ከጠፍጣፋ ድንጋይ በከሰል ጻፈ፤
ቡላ እንደቆመች አድርጎ፣ ቤቱን በጀርባዋ ነደፈ፦

«ጀርባው ለነፋስ ይሰጥ፤ ወፍሮ፣ መስኮት ሳይወጣው፤
ፊቱ ለደቡብ ይከፈት፤ የኅዳር ፀሐይ ይምጣው።
ድንጋዩ ከየእርሻው ይለቀም፣ ማረሻ ሰባሪው ሁሉ፤
ጭቃው ከጭድ ጋር ይረገጥ፣ እስኪለዝብ ዐመሉ።
ጣራው ጓሳ ነው፤ የሚታጨድ ሽማግሌ ወቅቱን አይቶ፣
ለቀይ ቀበሮ ድርሻዋን፣ ለጭላዳ ግጦሹን ትቶ።
ወለሉ ጠጠርና አሸዋ፣ ወደ ቦዩ ጥቂት ያዘንብል፤
ሽንቷ ወደ ጉድጓድ ይውረድ፣ ፋንድያዋ ለድንች ይከፈል።»

ልዕልና ያንን ወረቀት፣ ገልብጣ በጀርባው ሳለች፤
እርሳሷን ቀጥ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ጅቡስ?» አለች።
«‹የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም› ይላል ያገሬ ተረቱ፤
ግድግዳ ግን ያስጥላል፤ ክንድ ከስንዝር ከሆነ ስፋቱ።»

ጭቃ ረጋጩ እኔ ነኝ፤ እግሬን ለውርጩ የሰጠሁ፤
«ይህ ሁሉ ለአህያ?» ሲሉኝ፣ መልሴን አብሬ የረገጥሁ።
ሰኔ ሳይገባ አለቀ።

ቡላን አመጣናት፣ እፍኝ ገብስ እያሳየን፤
ደፉ ጋ ደርሳ አሸተተች፤ ጆሮዋን ጥላ ዐየችን።
አልገባችም።
ዞራ ሄደች፤ ከግድግዳው በስተደቡብ ቆመች፣
ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በጠጣው ድንጋይ፣ ጎኗን አሞቀች።

ሰው ሳቀ። ጥላዬ አልሳቀም፤ መዶሻውን አነሣ፤
«ደፉ ከራሴ የመጣ ነው፤ መጠየቅ ነው የተረሳ።»

ሲመሽም ይፈነቅል ነበር፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ በፋኖስ፤
እሷ ከጥጉ ታየዋለች፣ ጆሮዋ ብቻ ለነፋስ።