የዘርፌሽዋል ቤት

ባሕር ዳር፣ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ፣
ከጎሚስታው ጎን በኮብልስቶኑ ሲገባ፣
ሰማያዊ በር አለ፣ «የዘርፌሽዋል ቤት» የሚል፤
እንደ በቅሎ እልኸኛ፣ በትከሻ ካልገፉት እሺ የማይል።
ስድስት አልጋ፤ ስድስት ምስማር ለጋቢ መስቀያ፤
ሁለት ባልዲ፤ አንዱ ለትውከት፣ አንዱ ለመታጠቢያ።

«ዘርፌሽዋል ማን ናት?» ይሉኛል፤ «የሞተች እናትሽ ናት?
ፎቶዋስ?»
              እኔም አላየኋት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአንገቴ ሥር የወጣው፣
ባቄላ የሚያህል፣ «ንፍፊት ነው፣ ይሄዳል» የተባለው፣
ለመስቀል እንቁላል አከለ።
የሞጣው ሐኪም ዳሰሰው፤ ዝም አለ፤
ወረቀት ጽፎ ለአባቴ ሰጠው።
አባቴ ሽባባው ፊደል አልቆጠረም፤ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው።
ከዚያ ቦራን ሸጠ፣ ቀኝ በሬውን፤
ግራው ብቻውን ሲያመሰኳ ቀረ፤ ቀንበር ለአንድ አይሆን።

ሕጉ ነው፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል አስታማሚ ይወጣል።
«አንቺ ተኚ አትጠገብ፤ እኔ ዘመድ አላጣም» ይለኛል፤
«የአክስቴ ልጅ ዘርፌሽዋል እዚሁ ጀርባ ቤት አላት፤
ደግ ናት፣ ምላሷን ከቻሉላት።»

ያ ቀይ መድኃኒት በክንዴ ገብቶ እንደ ሚጥሚጣ ሲያነደኝ፣
«ቤቷ እንዴት ነው?» እለዋለሁ ጥርሴን ነክሼ፤ «ንገረኝ።»
«አልጋው የሽቦ ነው፤ ሲቀመጡበት ይዘፍናል፤
ውሃው ከግድግዳ ይወርዳል፤ ሲለው ደግሞ ይሞቃል፤
ድመቷ አንድ ዓይና ናት፤ እግሬ ሥር ትተኛለች፤
ዘርፌሽዋል አትተኛም፤ ‹ያቺ ልጅ ዛሬ በላች?› ትላለች።»
ጠጉሬ በእፍኝ ሲረግፍ እንኳ መልእክት ሰደደች፦
«ማሳም ታጭዶ ነው ደግሞ የሚዘራው፤ አትደንግጪ» አለች።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤
ነርሷ ስታሸልብ እስከ መስኮቱ መጣሁ።
ዝናብ ነው። ከጄኔሬተሩ ቤት ክፈፍ ሥር፣ ካርቶን ላይ፣
አሥር ያህል ሰው ተጠቅልሏል፤ ከመሀል የአባቴን ጋቢ ሳይ፣
ጫፉ እንደተቋጠረ።

ጧት መጣ። ጫማው ጭቃ፣ ድምፁ የጎረነነ።
«ዘርፌሽዋል ደኅና አደረች?» አልኩት።
«ደኅና ናት፤ ድመቷ ናት እንጂ ስትጮኽ ያደረች።»
ሌላ አልጠየቅሁም።
ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ውሸት
እንደ ቀንበር ለሁለት ተሸከምናት።

ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ገቢዎች ቢሮ ማኅተም እመታለሁ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እለምናለሁ።
ፍራሹን የሚኒባስ ሹፌሮች አዋጡ፤ አንሶላውን አንዲት ሙሽራ፤
ጎሚስታው ጌጡ የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል፤ አይቆጥረውም እንደ ሥራ።
ሁሉም አይድንም። የቢቸናዋ ልጅ አልዳነችም፤
እናቷ ግን አንሶላውን አጥባ፣ አስጥታ፣ አጥፋ ሳትሰጠኝ አልሄደችም።

አባቴ አንዴ መጣ። የበሩን ጽሑፍ አስነበበኝ፣ ሁለቴ።
አልጋው ላይ ቁጭ ሲል ሽቦው ዘፈነ። «ውሃውስ ይሞቃል?» አለ አባቴ።
«መብራት ካለ» አልኩት።
«ድመቷስ?»

ትናንት አመሻሽ ዎርድ ስገባ
የሸበሉ ሰውዬ ለልጁ ሲያወጋ ሰማሁ፦
«አልጋው የሽቦ ነው፤ ሲቀመጡበት ይዘፍናል፤
ውሃው ይሞቃል፤
ደግሞ ግቢው ውስጥ ፈረስ አለ፣ ቀይ፤ አንተን ይጠብቃል።»

ፈረስ የለንም።
ኮቴዬን አጥፍቼ ከበሩ ተመለስኩ።