የተገለበጠ ክንፍ

ጠባሴ ጋራዥ ውስጥ ማንያዘዋል በያጁ
ከወደቀ ታፔላ ክንፍ ሠራ በእጁ፤
“የእንግዳ ማረፊያ” እንዳለ ከነጽሑፉ
ከኮሮላዋ ጀርባ ተሰቀለ ክንፉ።

“ልትበር ነው!” አለ ሰፈሩ በሳቅ።
“መብረርስ ለወፍ ነው” አለ ብሎን ሲያጠብቅ፣
“የኔው ተገልብጧል፤ ነፋሱ ሲጫነው
ጎማዋን ካስፋልት ጋር የሚያጣብቅ ነው።”

ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ቀይ ክር ለምኜ
ክንፉ ላይ ለጠፍኩት፣ ጣት ጣት መጥኜ፤
ከኋላ ወንበር ዞሬ፣ መቶ ላይ ስንደርስ፣
ክሩ ሁሉ ተኛ። የደብረ ብርሃን ነፋስ፣
ሠላሳ ዓመት ጆሮዬን ሲቆርጥ የኖረ፣
ያን ዕለት በቀይ ክር መልኩን ተናገረ።

ኩርባው መጣ።
መሪው ዞረ፤ እሷ አልዞረችም።
ኋላ ሲከብድ ፊት ይቀላል፤
ይህን አላሰብንም።
ገብስ ውስጥ ገባን። ባለማሳው መጣ፣
ክንፉን አየ፣ እኛን አየ፣
“ከየት ወደቃችሁ?” አለን ሳይቆጣ።

ማታውን በብረት መጋዝ ክንድ ያህል ቀነስን፤
“የእንግዳ” የሚለው ወደቀ ከእግራችን።
እሁድ ትሮጣለች፣
ክንፏ ላይ “ማረፊያ” ብቻ ይዛ።